ከእጅ የመጣው ባክቴሪያ

ወጣቱ ተመራማሪ የስንዴን ዘረመል በኮምፒውተር ሲያነብ ዓመታት አልፈውታል፤ የስንዴ ቡቃያ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። ባልደረቦቹ «ፊደል ቆጣሪው» ይሉታል። አንድ ቀን የናሙና ቁጥር ተምታቶበት ወደ ግሪንሃውሱ ወረደና ቡቃያዎቹን የምታሳድገውን ልጅ አገኛት።

«እስካሁን ስታነበን የከረምከው አንተ ነህ?» አለችው፣ ቡቃያዎቹ የወከሏት ይመስል።

«ይቅርታ፣ በአካል ስላልተዋወቅን ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የናሙና ቁጥር በየሳምንቱ ይምታታበት ጀመር።

የእሷ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፈሩ በእንፋሎት ተቀቅሎ ውስጡ ያለው ረቂቅ ተሕዋስ ሁሉ ይገደላል። ከዚያ የተመረጡ ባክቴሪያዎች ብቻ ይጨመሩበትና የትኛው ከየትኛው የስንዴ ዝርያ ጋር ተስማምቶ ድርቅ እንዲቋቋም እንደሚረዳው ይታያል። ቡቃያውን በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ ነክታ አታውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሥር ናሙና ስትወስድ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

«ደግሞ እጄ ምን አለው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ሁልጊዜ ተሸፍኖ ነው የማየው።»

ጓንቷን ራሱ ቀስ አድርጎ አወለቀላት። እጇን ያዘ። እሷም አልነጠቀችውም። ከውጭ የሰው ድምፅ ሲሰማ ሁለቱም ደነገጡ፤ ቶሎ ብላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሥሮቹን በባዶ እጇ መያዟን ልብ አላለችም።

የሥሮቹ ምርመራ ውጤት በስብሰባ ላይ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የምርምር ክፍሉ ኃላፊ የሆኑት ሴት መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ።

«ይሄ እኮ የሰው ቆዳ ባክቴሪያ ነው። የዚህ ረድፍ ናሙና በሙሉ ተበላሽቷል። በባዶ እጁ የነካው ማነው?»

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ። እሷ ወደ እሱ አየች። እሱ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ካንቺስ አልጠበቅኩም» አሉ ኃላፊዋ። ከግሪንሃውሱ ወጥታ ዕቃ ማጠቢያ ክፍል እንድትሠራ ታዘዘች።

ወጣቱ ፊቱ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። አፉን የዘጋው ሥራውን ፈርቶ አልነበረም፤ ሰው እንዳይስቅበት ነው። ይህን ሲያስበው ደግሞ የባሰ አፈረ።

በማግስቱ ማጠቢያ ክፍል ሄደ። ብልቃጥ እያጠበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየችው።

«ለኃላፊዋ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ። ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

«ለብቻቸው?» ውሃውን ዘጋች። «የከፋኝ ስለ ሥራዬ መሰለህ? ጥፋቱማ የኔም ነው፤ ጓንቴን መልሼ ማጥለቅ ነበረብኝ። ግን እኔ ያፈርኩት እጄን ስለያዝከው አይደለም። ይዘኸው እንደማታውቅ ሰው ስለሆንክ ነው።»

ውሃውን መልሳ ከፈተችው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሳይጠይቀው ተነሣ።

«ባለፈው ስለታየው ባክቴሪያ . . . ጓንቷን ያወለቅኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ተብሎ?» አሉ ኃላፊዋ።

«እጇን ልይዝ።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ኃላፊዋ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ያንን ረድፍ ሁለታችሁ እንደገና ትዘሩታላችሁ። አንተም ከኮምፒውተርህ ወርደህ አፈር ትቀቅላለህ» አሉና ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ።

ተቀመጠ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ልጅቷ የተቀመጠችበትን ጥግ ለማየት አልደፈረም፤ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ቀረ። ኃላፊዋ እየተናገሩ ሳለ አንድ ወንበር ሲንቋቋ ሰማ። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ አሳለፏት። በሁሉም ፊት ክፍሉን አቋርጣ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቀና በል» አለችው።