የክንዴ ቀይ ነጥብ

የክንዴ ሬሳ ጎንደር ሆስፒታል ተመርምሮ ሲመለስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። የሚያስገባው ጠፋ። ሐኪሞቹ ከገደል በመውደቅ መሞቱን ጽፈዋል፤ አዳልጦት ይሁን ራሱን ጥሎ ግን አያውቁም። ራሱን ነው ያጠፋው ያለው የጤና ኬላው ኮምፒውተር ነው።

ከደባርቅ የተጠራችው ዋና ሳጅን ደብሪቱ ነገሩን ከደብሩ አስተዳዳሪ ከመምሬ ተክለ ማርያም አፍ ሰማች።

«ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፣ ልጄ። አብሮኝ የቀደሰ ዲያቆን ነው፤ አንጀቴ እያረረ ነው የምከለክለው።»

«አባ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይታገሡኝ።»

የክንዴ እናት አልጣሽ እጇን ከሬሳ ሳጥኑ ላይ አላነሳችም። «የማዶ ጎጥ ሕፃናት በኩፍኝ እያለቁ ነው፣ ዳባት ሄጄ ላመልክት ብሎኝ ወጣ። ሊሞት የሚሄድ ሰው ለሰው ልጅ መድኃኒት ይለምናል?»

ደብሪቱ ወደ ጤና ኬላው ወረደች። እዚያ ሦስት የጥናት ሠራተኞች አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ምን እንደበላ፣ እንዴት እንደተኛ፣ ምን እንዳስጨነቀው በታብሌት ይመዘግባሉ። ኮምፒውተሩ ከመልሱ እየተማረ በሽታ የት ሊነሳ እንደሚችል፣ ማን ራሱን ሊጎዳ እንደሚችል ይገምታል። የሚያሰጋውን ቀይ ነጥብ ያደርግበታል፤ ደኅና የሆነውን አረንጓዴ።

ፕሮግራሙን የምትከታተለው የትናየት የክንዴን ቅጽ አሳየቻት። «ግንቦት 3 የተሞላ ነው። መኖር ሰልችቶኛል ይላል። እኛ ጋ የደረሰው ግን ሰኔ 7፣ በሞተ ማግስት። ኮምፒውተሩም ያኔ ቀይ ነጥብ አደረገበት።»

«ምን አዘገየው?»

«ኔትወርክ እስኪገኝ ታብሌቱ ላይ ይቆያል። ቀኑንም ታብሌቱ ራሱ ነው የሚጽፈው።»

«ሰው ቀኑን ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል?»

የትናየት የታብሌቱን የቀን ማስተካከያ ከፍታ አሳየቻት። «ይችላል።»

ቅጹ ላይ ስሙ የሰፈረው መረጃ ሰብሳቢ ያርጋል ግንባሩን በእጁ ይጠርጋል። «በቀን ዐሥር ቤት ነው የምገባው። ክንዴን መጠየቄን ግን አላስታውስም።»

«ታዲያ ምን ያልብሃል?»

«ስሜ ነዋ ያለው። ታብሌቱ ቢሮ ነው የሚያድረው፤ ቁልፉ እኔም ጋ አለቃዬም ጋ አለ።»

አለቃው ፍቅረ ሥላሴ ምሳው ላይ ነበር። የሐዋርያት ጾም ነውና ሽሮ ቀርቦለታል። «ያርጋል ረስቶት ነው፤ እኔ አብሬው ነበርኩ» አለ እያጠቀሰ። «ክንዴ የዓርብ ሽሮ ቀርቦለት ሳይነካው ቀረ። ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ያኔ ነቅተን ቢሆን...»

ደብሪቱ አመስግናው ወጣች፤ ከየትናየት ጋር ኮምፒውተሩ ፊት አንድ ሰዓት ተቀመጠች።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰቡ።

«አባ፣ የዘንድሮው ግንቦት 3 ዓርብ ነው የዋለው። ይጾማል?»

«እንዴት ተብሎ! በዓለ ሃምሳ እኮ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም።»

«የክንዴ ቅጽ ግን ‹ወተት አልጠጣሁም፣ ጾም ነኝ› ይላል። አብሮዎት የሚቀድስ ዲያቆን ሃምሳን ይስታል?»

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቅጹን የሞላው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ሰሞኑን፣ ጾሙ ከገባ በኋላ። እሱ ራሱ ጾመኛ ስለሆነ ዓርብ ሲል ጾም መጣበት። የታብሌቱን ቀን መለሰ፤ የራሱን ሆድ መመለስ ረሳ። የትናየት፣ ያገኘሽውን ንገሪያቸው።»

«በሃምሳው ረቡዕና ዓርብ ጾም ነን የሚሉ ሃያ ሦስት ቅጾች ብቻ አሉ። አንዱ የክንዴ ነው። ሃያ ሁለቱ የማዶ ጎጥ።» ድምጿ ወረደ። «ሃያ ሁለቱም ልጆቻችን ደኅና ናቸው ይላሉ። ፕሮግራሙም አምኖ ጎጡን አረንጓዴ አደረገው። ክትባቱ ወደ ሌላ ሄደ።»

«እኔ ማዶ ጎጥ ወርጄ አላውቅም» አለ ያርጋል። «አለቃ ነው እኔ እጨርሰዋለሁ ያለኝ።»

«ስሙ የማን ነው?» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«የያርጋል ነው» አለች ደብሪቱ። «ቅጹን እሱ ፈጥሮት ቢሆን ግን አዎ፣ ጠይቄዋለሁ ይለኝ ነበር። እሱ አላስታውስም አለኝ። በሃምሳው የዓርብ ሽሮ ያስታወሱት እርስዎ ብቻ ነዎት። የጻፉትን ነው መልሰው የነገሩኝ።»

ፍቅረ ሥላሴ የቢሮውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«ማዶ ጎጥ መውረድና መውጣቱ ሁለት ቀን ነው» አለ በመጨረሻ። «ምን ይሆናሉ ብዬ ጾሙ እንደገባ ቢሮ ቁጭ ብዬ ቀኑን ወደ ኋላ እየመለስኩ ሞላሁት። ክንዴን የሞቱትን ሕፃናት ስም በወረቀት ይዞ ወደ ዳባት ሲሄድ ገደሉ አፋፍ ላይ አገኘሁት። ስጠኝ አልኩት፤ እምቢ አለ።»

«ከዚያስ?»

«ገፋሁት።»

ከደብሪቱ ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ መምሬ ተክለ ማርያም ልብሰ ተክህኖ ለማምጣት ተነሡ፤ ደወሉም ተደወለ። ወንዶቹ ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ አልጣሽ ፊታቸው ቆመች።

«ቆዩ። መጀመሪያ ሰው ወደ ማዶ ጎጥ ይውረድ። ልጄ የወጣው ለዚያ ነው።»

ማንም አልተከራከራት። ዳባት ተደወለ። ክትባቱ በመኪና ደርሶ፣ ያርጋል የክትባቱን ሳጥን ተሸክሞ ከነርሶቹ ጋር ቁልቁለቱን ሲጀምር አልጣሽ ከበሩ ላይ ዞር አለች።

«አሁን አስገቡልኝ» አለች።