በየቀኑ አንዲት ትርፍ ፎቶ

ይህን ታሪክ ሰው ነግሮኝ አይደለም የምጽፈው። የደረሰው በእኔ ላይ ነው። ገና አላለቀም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ተኩል ነው። ቦታው የካ፣ ሲግናል፣ ሰላሳ ዓመት የኖርኩበት ቤት። ውጭ ዝናብ ይዘንባል።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብኝ። ለምን እንደሆነ ስታነቡ ይገባችኋል።

ዘውድነሽ እባላለሁ። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። መቁጠርና መመዝገብ አውቃለሁ። ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ፣ ጣቴ ስልክ ላይ አይፈጥንም።

የልጅ ልጄ ማዕዶት ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያደገችው እኔ ጋ ነው። "እማዬ" ነው የምትለኝ። አሁን አስተማሪ ናት። ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ከጓደኛዋ ከፊልሞና ጋር ደቡብን አንድ ወር ልዙር አለች። ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ኮንሶ፣ ጂንካ።

አንድ ወር። እኔ እኮ ገበያ ሄዳ አንድ ሰዓት ስትዘገይ በር ላይ የምቆም ሰው ነኝ።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አንዲት ጥቁር ሃርድ ዲስክ ሰካችበት።

"እማዬ፣ ስልኬ ቶሎ ይሞላል። ማታ ማታ ሆቴል ዋይፋይ ሳገኝ ፎቶዎቹን እልካለሁ፣ እዚህ ይወርዳሉ። አንቺ ቆጥረሽ ወደዚች ትገለብጫቸዋለሽ። ሁለት ቦታ ያልተቀመጠ ፎቶ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ 'ደርሷል' ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ደርሷል ስትዪኝ እኔ ጋ ያለውን አጠፋዋለሁ።"

"ጨርሶ?"

"ጨርሶ። ለነገው ቦታ ያስፈልገኛላ።" ሳቀች። "ስለዚህ ሳትቆጥሪ ደርሷል እንዳትዪ። ወደ ንብረት ክፍል መልሼሻለሁ።"

ደብተር አሰመርኩ። ቀን፣ የላከችው፣ የደረሰው።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ልክ ነበሩ። ሃያ ስምንት ትልካለች፣ ሃያ ስምንት ይደርሳል። ደርሷል እላለሁ።

በስድስተኛው ቀን ከአርባ ምንጭ "ሰላሳ አንድ ልኬያለሁ" አለች።

ሰላሳ ሁለት ደረሰ።

ደግሜ ቆጠርኩ... መነጽሬን ጠርጌ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ... ሰላሳ ሁለት።

ትርፏ ፎቶ ማዕዶትን ከጀርባዋ ታሳያለች። ሐይቁ ዳር ቆማለች። ያነሳት ሰው ከሩቅ ነው። ፀሐዩ ዓይን ያጠፋል፣ መሬቱ ላይ ግን ጥላዋ አይታይም።

ፊልሞና አንስታት ይሆናል አልኩ። ደርሷል ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ኮንሶ ገቡ። እንደገና አንዲት ትርፍ። ማዕዶት ከጀርባዋ... አጠገቧ ፊልሞና፣ እሷም ከጀርባዋ።

ታዲያ ማን አነሳቸው?

ደወልኩ።

"ሌላ ሰው አብሯችሁ አለ?"

"የለም እማዬ። ምነው?"

"ሹፌር? አስጎብኚ?"

"እኔና ፊልሞና ብቻ ነን።"

ከኋላ የፊልሞና ድምፅ ተሰማኝ። "እማማ ዘውድነሽ፣ ባል ይዘን እንዳንመጣ ፈርተው ነው?"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ፎቶዋን መልሼ ለማዕዶት ላክሁላት።

"ነጭ ነገር ብቻ ነው የመጣው፣ እማዬ። ምንም የለውም።"

ፎቶው ሥር የተነሳበት ሰዓት ተጽፏል። የትናንቷንም አየሁ። ሁለቱም 12:00 ይላሉ።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር። በዚያ ሰዓት ያ ሁሉ ፀሐይ ከየት እንደመጣ ሳስብ ይበልጥ ፈራሁ።

"ስሞትልሽ፣ ከአሥራ አንድ በኋላ ከሆቴል እንዳትወጪ" አልኳት።

አከበረችኝ። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደውላ "ገብተናል" ትለኛለች። እኔም እፎይ ብዬ እቀመጣለሁ።

ፎቶዋ ግን አልቀረችም። በየቀኑ አንዲት። በየቀኑ ቀረብ ብላ። መጀመሪያ መላ ቁመናዋ... ከዚያ ከወገቧ በላይ... ከዚያ የሹሩባዋ ጉንጉን እስኪቆጠር።

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ሀሚድ ጋ ወሰድኩት። ሀሚድ እዚሁ ሲግናል ስልክ ይጠግናል፣ ፎቶ ያትማል። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነው።

"ሀሚድ፣ ይህን ማን እንዳነሳው ይታወቃል?"

አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ።

"ሌሎቹ ላይ የስልኩ ዓይነት ተጽፏል። እነዚህ ላይ ምንም የለም፣ እማማ።"

"የሚነሱት ሊመሽ ሲል ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት።"

ቀና ብሎ አየኝ።

"አይደለም እማማ። ይሄ የፈረንጅ ሰዓት ነው። በእኛ ስድስት። እኩለ ቀን።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጥላ የሌላቸው ለዚህ ነው። ፀሐይ አናታቸው ላይ ናት።"

የእኔን ስልክ ማዕዶት በእኛ ሰዓት አስተካክላልኝ ነው የሄደችው። ላፕቶፑ በሌላ እንደሚቆጥር እንዴት ልወቅ?

ቀትር።

እናቴ ልጆች ሳለን ቀትር ላይ ወንዝ አትሰደንም ነበር። "ቀትር የራሱ ሰዎች አሉት" ትል ነበር። እኔ ልጄን ማታ ማታ ቤት እያስገባሁ ቀትር ላይ ሜዳ ላይ ስጥላት ከርሜያለሁ።

"ላጥፋቸው?" አለኝ ሀሚድ በሹክሹክታ።

"እሷ እኮ አለችባቸው። እንዳትነካቸው።"

ማዕዶት ጋ ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ብደግም ዝግ ነው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ከጂንካ መልእክት ገባ። "ኔትወርክ አልነበረም። አርባ ልኬያለሁ።"

አርባ አንድ ደረሰ።

ትርፏ ላይ የሚታየው የማዕዶት ማጅራት ብቻ ነው። ከግራ በኩል ደግሞ... ጣቶች። ረጃጅም ናቸው። ትከሻዋን ሊነኩ ጥቂት ነው የቀራቸው።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"እኔን..."

ልጅ ሲደናቀፍ፣ እሳት ሲፈጀው የምንለው ነው። ሁላችሁም ትሉታላችሁ። በእሷ ፈንታ በእኔ ይሁን ማለት ነው። ማን ያዳምጠኛል ብዬ... ብቻ ብያለሁ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

የዚያን ዕለት ደርሷል ብዬ አልጻፍኩም። ደርሷል የተባለው እዚያ ይጠፋላ።

በማግስቱ ሰላሳ ላከች። ሰላሳ አንድ ደረሰ። ትርፏ ላይ ማዕዶት የለችም።

ከእኛ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ላምበረት አውቶቡስ ተራ ነው።

ባዶ። ተሸካሚ የለ፣ ነጋዴ የለ፣ አንድ ሰው የለ። ላምበረትን ባዶ አይታችሁት ታውቃላችሁ? መሬቱ ደረቅ፣ ፀሐዩ ደማቅ። የዚያን ቀን ግን አዲስ አበባ ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘንብባት ነው የዋለችው።

አለቀስኩ። ከደስታ ነው። ከልጄ ላይ ወርዶላታል።

በማግስቱ የሲግናል አስፋልት መጣ። በሦስተኛው ቀን የእኛ ቅያስ። በአራተኛው የግቢዬ በር፣ ከነተላጠው ቀለሙ።

ቀትርን ቤት ውስጥ አላሳልፍም ብዬ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጣሁ። ቅዳሴ ነበር። ግራና ቀኜ ሰው፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋን ቆምን። ስድስት ሰዓት ሲሆን እንኳ አጠገቤ ያለችውን ሴት ክንዷን ይዣት ነበር።

ማታ ፎቶዋ መጣች። ባሕር ዛፎች... በመሀላቸው ነጠላ የለበሰች አሮጊት፣ ከጀርባዋ። የነጠላዋ ጫፍ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

የሰፋሁት እኔ ነኝ።

አጠገቧ ማንም የለም።

ማዕዶት ትናንት ተመለሰች። ፀሐይ አጥቁሯታል፣ ደህና ናት። ቀሚሷን ከትከሻዋ ገልጬ አየሁ።

"ምን ትፈልጊያለሽ እማዬ?"

"ትንኝ ነክሶሽ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ምንም የለባትም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጣ ፎቶዎቿን እያየች ትስቅ ነበር። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ።

"እማዬ... አርባ ምንጭ መጥተሽ ነበር እንዴ?"

ሄጄ አየሁ። ያቺ የመጀመሪያዋ ትርፍ፣ ሐይቁ ዳር ያለችው። ማዕዶት የለችባትም። የቆመችው ባለ ሰማያዊ ክሯ ናት። ኮንሶም እሷ ናት። የጂንካው ማጅራት ሽበት አለው።

አርባ ምንጭን በእግሬ ረግጬው አላውቅም።

"አንዲት ደግሞ የዛሬ ቀን የተጻፈባት አለች" አለች ማዕዶት። ድምጿ ተቀየረ። "12:00 ትላለች። ገና እኮ አልደረሰም።"

ይቺው ክፍል ናት። ይሄው ወንበር። እኔ ስልኬ ላይ አጎንብሻለሁ፤ የተነሳሁት ከጀርባዬ፣ ከቁም ሳጥኑ በኩል ነው። በመስኮቱ ፀሐይ ገብታለች። አጠገቤ ያለው የማዕዶት ወንበር ባዶ ነው።

ባዶ መሆኑን ሳይ ልቤ አረፈ።

"ሃርድ ዲስኩን ሀሚድ ጋ ይዘሽ ሂጂ፣ እሱም ጋ ቅጂ ያስቀርልሽ። ሁለቱም ቅጂ እዚሁ ቤት ነው፤ ሁለት ቦታ ይቀመጥ ብለሽ የለ?"

"በዚህ ዝናብ?"

"ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"ሁለት፣ ሁለት ተኩል።"

"ጥሩ ነው። ሳያልቅ እንዳትመጪ። ስሞትልሽ።"

በር ላይ ቆማ አየችኝ። "ስሞትልሽ አትበይኝ፣ እማዬ።"

ስትወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ።

ይኸው እዚህ ደረስኩ። ለስድስት አምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ማዕዶት ደውላ "ግማሹ አልቋል" ብላኛለች። እዚያው ሁኚ ብያታለሁ።

ዝናቡ አሁን ቆመ... ቀስ እያለ አይደለም፣ እንደ ቧንቧ ነው የተዘጋው።

ወለሉ ላይ ፀሐይ መጣች።

የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ዘወር አልልም። ፎቶው ላይ ዘወር አላልኩም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ስልኬ ላይ መልእክት ብቅ አለ። የላኪ ስም የለውም፣ ቁጥርም የለውም። አንድ ቃል ናት።

"ደርሷል።"