ከድራይቨሩ የጎደለችው መስመር

መምህር ሞተው የተገኙት ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ የአየር ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ። የመተንፈሻ ማሽኑ ከጎናቸው ቆሟል፤ ያለ እሱ አይተነፍሱም ነበር። ስክሪኑ «ዝግጁ» ይላል። በምድር ላይ ከተጻፉ ውሸቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አልተጻፈም።

ማሽኑን የሠሩት ራሳቸው መምህር ነበሩ። ከቤታቸው በታች ካለው ወርክሾፕ ያልተማረ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በዓለም ላይ የለም፤ ካለም ኤሌክትሪክ አያውቅም።

ፖሊሶቹ ማሽኑን ነቅለው ጣቢያ ወሰዱትና ሰኩት። እንደ ዐውሎ ነፋስ ተነፈሰ። «ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ እንግዲያው ሰው አጥፍቶባቸዋል» አሉና «መርፌ» የሚሏትን መርማሪ ጠሩ። ቀጭን ናት፤ ያልገባችበት የለም። ግድግዳ እንኳ እሷን ሲያይ ይናዘዛል።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮግራም የምትጽፈው ልጃቸው፣ ማሽኖቹን የሚሸጠው ባሏ፣ እና ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የበየዱት ጋሽ ሽቦ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ልጅቱ፣ መርፌ ገና ወንበር ሳትስብ።

«በምን?»

«ከድራይቨሩ አንዲት መስመር አጥፍቼ።»

«እኔ ቴሌቪዥን ማብራት የሚያቅተኝ ሰው ነኝ። ቀስ እያልሽ ንገሪኝ።»

«ለሞተሩ ኃይል መጥኖ የሚሰጥ የቮልቴጅ ቺፕ አለ። ከርነሉ፣ የማሽኑ አንጎል ማለት ነው፣ ቺፑን የሚያዘው በድራይቨሩ፣ ትእዛዝ በሚያደርሰው ፕሮግራም በኩል ነው። መብራት እልም ብሎ ወዲያው ሲመለስ ቺፑ ራሱን ይቆልፋል። ስለዚህ ድራይቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ ‹ተቆልፈሃል ወይ?› ብሎ ጠይቆ መክፈት አለበት። የጠፋችው ያቺ መስመር ናት። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ መጣ።»

«ማንቂያውስ ለምን አልጮኸም?»

«እሱም ኃይል የሚያገኘው ከዚያው ቺፕ ነው።»

«በቸልተኝነት ሰው መግደል እንደሚያሳስር ታውቂያለሽ? ትንሽ ልጅ አለሽ አሉኝ።»

«አውቃለሁ። እሰሩኝ።»

መርፌ በሥራ ዘመኗ ለመታሰር እንዲህ የቸኮለ ሰው አላጋጠማትም።

ባልየው ዐይኑ ቀልቷል። «ገዢዎቹ በሦስት ሰከንድ ይነሳ ብለው ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ይዘገያል እያልኩ መምህርን የነዘነዝኳቸው እኔ ነኝ።»

«መስመሯ የጠፋችበት ለውጥ ኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሚስትህ የት ነበረች?»

«ክሊኒክ። ልጃችን አተኩሷት ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ነው የተመለሱት።»

መርፌ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በየመሳቢያው ፊት ላይ ከሌላው ቀለም የነጡ አራት ማዕዘኖች አሉ፤ ጣት ሲነካቸው ይጣበቃሉ። ቆሻሻ መጣያውን ከፈተች። የመምህር ልጅ የእጅ ጽሑፍ ያለባቸው ወረቀቶች ተጨማድደው ተጥለዋል። «ማንኪያ»። «መነጽር»። «ይህ በር ወደ ወርክሾፕ ይወርዳል»። መርፌ ይህን የመጨረሻውን በእጇ ይዛ ቆየች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበች። ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መሰኪያውን ነቀለችና ወዲያው መልሳ ሰካች። «ዝግጁ» አለ ስክሪኑ። ሞተሩ ዝም።

«ፖሊሶቹ ነቅለው ብዙ ስላቆዩት ቺፑ የቀረችውን ኃይል ጨርሶ፣ መቆለፉንም ረስቶ፣ እንደ አዲስ ተነሳላቸው። ስለዚህ አሟሟቱን በተመለከተ ልጅቱ እውነቷን ነው። ገዳዩን በተመለከተ ግን ዋሽታለች። ለውጡ በስሟ ሲመዘገብ እሷ ክሊኒክ ነበረች። አንተ ሻጭ ነህ፤ ፕሮግራም አትጽፍም። ጋሽ ሽቦ ብየዳ እንጂ ኮድ አይጽፉም፤ የእሳቸው ድርሻ ለውጡን አይቶ መፈረም ነው። የቀሩት አንድ ሰው ናቸው። በገዛ ቤታቸው ማንኪያ ያለበት መሳቢያ የሚጠፋባቸው ሰው።»

ልጅቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ያቺን መስመር ከዘጠኝ ዓመት በፊት የጻፋት አባቴ ራሱ ነው። ማክሰኞ ‹ይቺን የማትረባ ማን ጻፋት?› ብሎ ማስታወሻ ጽፎ አጠፋት። ስህተቱ በእሱ እንዳይቆጠር ብዬ ኮምፒውተሩን በእኔ ስም እንዲመዘግብ አድርጌው ነበር። በየቀኑ ከሥራ በኋላ ተደብቄ አርምለታለሁ። ማክሰኞ ልጄ ስትታመም ሳላይ ቀረሁ። አንድ ቀን ብቻ። ይኼን ሁሉ ሰው ያስተማረ አባት፣ ሲቀበር ‹የገዛ መስመሩን አጥፍቶ ሞተ› ይባልበት?»

«ጋሽ ሽቦ» አለች መርፌ፣ «እዚህ ቤት ያለ ሁለተኛ ሰው ፊርማ ለውጥ አይገባም። የእርስዎ ፊርማ አለበት።»

«አለበት።» ሽማግሌው መበየጃውን ያገላብጣሉ። «መስመሯ መጥፋቷን አይቻለሁ። አንቺ ታርሚዋለሽ ብዬ ፈረምኩ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ መርሳቱን ያውቁ ነበር?» አለች ልጅቱ።

«ካወቅሁ ዓመት አልፎኛል።»

«እኔ እኮ ያመለጠኝን እርስዎ ያዩታል እያልኩ ነበር።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለ ባልየው። «ባለፈው ሳምንት መምህር ስሜን ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ትደነግጫለሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሦስቱም ተያዩ። አዲስ ለውጥ ለሌላ ሕመምተኛ ከመሄዱ በፊት አንድ ሳምንት በመምህር ማሽን ላይ ይሞከራል፤ «መጀመሪያ የእኔን ደረት ይለፍ» ይሉ ነበር። ስለዚህ ሌላ የሞተ የለም። መርፌ ፋይሏ ላይ «አደጋ» ብላ ጽፋ ዘጋችው።

«አባቴ ግን» አለች ልጅቱ፣ «ሥራው እንደተበላሸ ሳያውቅ ነው የሞተው አይደል? እሱን እንኳ ደብቄለታለሁ።»

ጋሽ ሽቦ መበየጃውን አስቀመጡ።

«ባለፈው ወር መምህር ጠሩኝ። ‹ልጄ የእኔን ስህተት ስታርም አይቻታለሁ› አሉኝ። ‹እንዳየኋት አትንገራት። የደበቀችኝ መስሏት እፎይ ትበል።›»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልጅቱ አላለቀሰችም ነበር።