በአንጓዬ ላይ ያረፉት አራት ጣቶች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ደብረ ታቦር ሃያ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ነኝ፣ ዛር ነው ሲሉኝ ወባ ነው እያልኩ ስንቱን ዘመድ አስኮርፌያለሁ፣ ስለዚህ ብትስቅብኝ አልፈርድብህም።

ደረቴን እያፈነ ሲያስቸግረኝ ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ አዲስ አበባ ወሰደኝ። ሐኪሙ በቀኝ እጄ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ልቤን ሊያይ ለሳምንት ቀጠረኝና ለደሳለኝ እንዲህ አለው፦ «የአንጓ ደም ስር ቀጭን ነው፣ ሰው ከደነገጠ ወይም ካዘነ ተኮማትሮ ቱቦውን ይይዘዋል። ማፍታቻ መድኃኒት እንሰጣለን፣ እጃቸውንም እናሞቃለን፣ እርስዎ ደግሞ አጠገባቸው ሆነው ደስ የሚል ነገር ያጫውቷቸው።»

ቀኑ ደረሰ፣ ደሳለኝ ጨረር የሚከለክለውን ከባድ ሽርጥ ለብሶ ራስጌዬ ቆመ፣ ዲያቆን መስለሃል ብዬ ቀለድኩበት፣ አልሳቀም። ቱቦው ገባ፣ ምንም አላመመኝም፣ እሱም ስለ ጉና ገብስ፣ ስለ ጎረቤት በቅሎ ሲያወራልኝ ቆየና «እማም ደህና ናት፣ ትላንት ደውዬላት ነበር፣ እህል ይብላ ብላሃለች» አለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ በስልክ አገናኘኝ ስለው እሷ ያለችበት ገሳይ ኔትወርክ የለም ሲለኝ የከረመው ሰውዬ። እመነኝ፣ ያን ጊዜ ቱቦው ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«መምህር፣ ፈሩ እንዴ?» አለ ሐኪሙ።

«ኧረ አልፈራሁም፣ ማነው እጄን የያዘኝ?»

«ማንም አልያዘዎትም።»

እኔ ግን ተይዣለሁ፣ በሙቁ ጨርቅ ስር አንድ ቀዝቃዛ እጅ ጭምቅ አድርጎኛል፣ አውራ ጣት ከውስጥ፣ ሦስት ጣት ከውጭ፣ የሌባ ጣቱ ቦታ ባዶ። እናቴ ሌባ ጣቷን ማጭድ ቆርጦባታል፣ ልጅ ሆኜ ገሳይ ገበያ ግርግር ውስጥ እንዳልጠፋባት የምትይዘኝ እንዲሁ ነበር። መድኃኒት ጨመሩልኝ፣ ለቀቀኝ። ደሳለኝ «መቼ ይመጣል እያለች ነው» ሲል እንደገና ያዘኝ፣ በመጨረሻ ሐኪሙ «እባክዎ ዝም ይበሉ» አለው፣ ዝም ሲል ቱቦው ሰተት ብሎ አለፈ።

ደብረ ታቦር በገባን ማግስት ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ፣ የንስሐ አባቴና ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ ደሳለኝ ከኋላቸው ነው። መርዶ ነበር። እማ የተቀበረችው እኔ አዲስ አበባ ቀጠሮዬን ስጠብቅ ነው፣ በየቀኑ ደውላ ስታስቀኝ የነበረችው ባለቤቴ ሳትቀር ሁሉም ያውቁ ነበር።

«ካዘነ ይኮማተራል አለ እኮ ሐኪሙ፣ ምን ላድርግ ወንድሜ?» ብሎ አለቀሰ ደሳለኝ።

ለደህንነቴ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከዱኝ፣ ሌላ ስም የለውም። እናቴን አፈር ሳላለብስ ቀረሁ፣ የገዛ ወንድሜ ራስጌዬ ቆሞ በሞተች እናቴ አፍ ሲያወራልኝ እህል እበላለሁ ብዬ መለስኩለት፣ ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው፣ አርባዋ ከወጣ በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆን «አጠገቧ የነበሩት ምን ነገሩህ፣ ስታጣጥር እኔን ጠየቀች?» አልኩት።

«የለም፣ በሰላም ነው ያረፈችው፣ የማንንም ስም አልጠራችም» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያይ።

እጄ ጭኔ ላይ ነበር፣ አራቱ ጣቶች መጡና ያዙኝ። ታዲያ ምን አለች ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ፈራሁና ተውኩት፣ እስካሁንም አልጠየቅኩትም። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ ይቅርታ፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው፣ ቀኙን ገና አልለቀቀችኝም።