በለቅሶ ቤት ጎን የተሳቀ ሳቅ

አቶ ገብረሰንበት ሞተው የተገኙት በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ቡሬን አላስቆም ባለበት ሰሞን፣ ቴሌቪዥናቸው ፊት ለፊት እንደተቀመጡ ነው። እግራቸው ሥር ድመታቸው ሞታለች። ብቻቸውን ሞተው ቢሆን ኖሮ «ሽማግሌ ነበሩ፣ ቀናቸው ደረሰ» ተብሎ በሰላም ይቀበሩ ነበር። ነገሩን ያበላሸችው ድመቷ ናት። ከተማው ባንድ ድምፅ «መርዝ ነው» አለ። ማታ ሽሮ ሠርታ ያቀረበችላቸው ሠራተኛቸው ምሕረት ነበረችና ፖሊስ እሷን ወሰደ። የሚጠባ ልጇን ጎረቤት እየተፈራረቀ ጣቢያ ድረስ ያመጣላታል፤ አስጠብቶ ሲመለስም ይረግማታል። እንዲህ ያለ ደግነት የትም አገር አይጠፋም።

ከፍኖተ ሰላም፣ ከዞኑ ፖሊስ የተላከችው መርማሪ ኢንስፔክተር አቻምየለሽ ነበረች። ቀጭን፣ ለመናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት አትቆጣም፤ ታመሰግናለች። «ሰው የሚዋሸው የደበቀበት ቦታ ላይ ሲደርሱበት ነው፤ መንገድ እያሳየኝ ለምን እቆጣለሁ?» ትላለች።

ሟቹ ማን እንደነበሩ መጀመሪያ የነገራት የወንድማቸው ልጅ፣ የአማርኛ መምህሩ ወንዳወቅ ነው። አቶ ገብረሰንበት በጉብዝናቸው ዘመን አዲስ አበባ ሄደው «የጓንጉል ቤት» የሚባል የቤተሰብ ኮሜዲ ጽፈው ነበር። ጓንጉልን ራሳቸው፣ ሚስቱን ደግሞ ያገራቸው ልጅ እህተ ማርያም ተጫውተውት በቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ኢሕአዴግ ገባ፣ ጓንጉልንም ሰው ረሳው። ሁለቱ ባለሙያዎች በስተርጅና ወደ ቡሬ ተመልሰው አጥር ለአጥር ጎረቤት ሆኑ። ወይዘሮ እህተ ማርያም በዚያው ሳምንት አርፈው ገና ሣልስታቸው ሳይወጣ ነው አቶ ገብረሰንበት የተከተሏቸው።

ወንዳወቅ ከአጎቱ ጋር መጣላቱን አልካደም። ለሚሌኒየሙ በዓል ምን ይታይ ተብሎ ስብሰባ ተጠርቶ፣ ሽማግሌው የድሮውን ካሴት ይዘው መጡ። ወንዳወቅ ተነሥቶ ተቃወመ።

«ጊዜው ያለፈበት ነው አልኩ። ባል ሚስቱ ላይ የሚጮህበት፣ ገጠሬ የሚሳቅበት ድራማ ለዛሬ ልጅ ምን ይሠራለታል? አልኩ። ሰው አጨበጨበልኝ። አጎቴ ካሴቱን ብብቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።»

«ገጠሬው የሚሳቅበት የትኛው ክፍል ላይ ነው?» አለችው።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ብዙው እንደዚያ ነው» አለ።

አቻምየለሽ አመሰገነችው።

ምሕረትን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረቻት። ልጅቷ ከማልቀስ ብዛት ድምፅ አልቀራትም። ሽሮውን ሠርታ፣ ሽማግሌውን ስለበረዳቸው ምድጃው ላይ ከሰል አያይዛ፣ ጢሱ ሳይወጣለት እንዳያስገቡት አስጠንቅቃ በረንዳው ላይ ትታው በጊዜ ወደ ቤቷ መሄዷን ተናገረች።

«ድመቷስ ከሽሮው ቀምሳለች?»

«ኧረ እቴ፣ ድመቷ ጦም የት ታውቃለች? ሽሮ ሲሰጧት አሽትታ ነው የምትሄድ።»

«አቶ ገብረሰንበት ጆሯቸው እንዴት ነበር?»

«ይከብዳቸዋል። ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱት ድፍን መንደሩ ይሰማል።»

መርማሪዋ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ አመድ የሞላው ምድጃ አለ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ምንጣፉ ላይ ክብ የቃጠሎ ምልክት ይታያል። ቴሌቪዥኑን ከፍታ ማጫወቻው ውስጥ የቀረውን ካሴት አስጀመረችው። ሰዎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አይሰሙም፤ ድምፁ ከሞላ ጎደል ተዘግቷል። ከመስኮቱ ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ መጋረጃውን ያወዛውዘዋል። ጠጋ ብላ እንጨቱን ስታየው፣ በቀዳዳው ዙሪያ ጥቁር ቀለም ወርዶበታል። ሬሳውን ያየው የጤና ባለሙያ ደግሞ የከንፈራቸውና የጥፍራቸው መቅላት እንደገረመው ነገራት። «በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ ደም ያላቸው ይመስሉ ነበር» አለ።

የሁለቱም ቤቶች ንስሐ አባት ቄስ ገብረ ሕይወት በእህተ ማርያም የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። አቻምየለሽ መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ ያን ምሽት ከጎረቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ሰምተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«በለቅሶ ቤት ጎን ቴሌቪዥን?» አሉ ቄሱ። «ባገራችን ሬዲዮ እንኳ አይከፈትም፣ ልጄ። ገብረሰንበት ነውሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። አልሰማንም።»

ቀጥላ ከለቀስተኛው መካከል ልብሷን ጥቁር የነከረች ማን እንደሆነች ጠየቀች። ቄሱ የሟቿን ልጅ እናኑን በአገጫቸው አመለከቷት። ሌላ የቅርብ ዘመድ የለም፤ ቀለሙም ገና ስላልያዘ ዝናብ በነካት ቁጥር አንገቷ ላይ ይወርዳል አሉ። እናኑ ግን ያን ምሽት ከድንኳኑ ንቅንቅ አለማለቷን ለመርማሪዋ ነገረቻት። «ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው የት ይሄዳል?» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

አቻምየለሽ እሷንም አመሰገነች።

በማግስቱ ሁሉም እዚያው ድንኳን ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረገች። ምሕረትም ከአንድ ፖሊስ ጋር መጥታ ጥግ ላይ ቆመች፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ፈቀቅ አሉ።

«ድመቷ ሽሮ አትበላም» አለች አቻምየለሽ። «ስለዚህ ጌታዋና እሷ አብረው የቀመሱት ምግብ የለም። አብረው የተነፈሱት አየር ግን አለ። የገደላቸው የከሰል ጢስ ነው፤ የከንፈራቸው መቅላትም ይህንኑ ይናገራል። ምድጃው እኛ ያገኘነው በረንዳ ላይ ነው። ያን ምሽት ግን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ነበር፤ ምንጣፉን አቃጥሎታል። የሞተ ሰው ምድጃ አያወጣም።»

«ቤቱ እኮ ወንፊት ነው፣ ነፋስ ይገባዋል» አሉ ቄሱ።

«እውነትዎን ነው፣ አባ። ያን ምሽት ግን አንድ ሰው ቀዳዳውን ርጥብ ጥቁር ጨርቅ ጠቅጥቆበታል፤ ቀለሙን እንጨቱ ላይ ትቷል። ብርድ ፈርቶ ነው እንዳልል፣ ቴሌቪዥኑም ድምፁ ተዘግቷል። ጆሯቸው የሚከብድ ሽማግሌ ድምፅ አጥፍተው አያዩም። እንግዲህ ቀዳዳውን የደፈነው ሰው የፈራው የእናንተን ጆሮ ነው። ከመንደሩ ሰው ሁሉ፣ ያን ምሽት ቴሌቪዥን ሲያይ ቢሰማ በቁሙ የሚቀበር ማን ነው?»

እናኑ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እናቴን ላያት ብዬ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሳትጠየቅ ተናገረችው። ከቀብር መልስ ሽማግሌው በአጥሩ በኩል ጠርተዋት፣ እናትሽ በወጣትነቷ እኔ ዘንድ አለች፣ ነይና እያት ብለዋት ነበር። ጀምበር ስትጠልቅ ድንኳኑ ጭር ሲል ሾልካ ሄደች። ዝናብ መትቷት ነበርና ምድጃውን አስገቡላት። ሳቋ እንዳያመልጥ ነጠላዋን መስኮቱ ላይ ጠቀጠቀች። ሽማግሌው እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰላት። እሷንም ራሷን አመማት፤ ሁለት ቀን ስላለቀስኩ ነው ብላ በሩን ገጠም አድርጋ ወጣች። ጎሕ ሲቀድ ነጠላዋን ልትወስድ ስትመለስ ሽማግሌውንም ድመቷንም ሞተው አገኘቻቸው። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ ምድጃውን አወጣች፣ ነጠላዋን ተከናነበች፣ ተመልሳም ለቅሶዋ ላይ ተቀመጠች።

«በየቀኑ ዛሬስ እናገራለሁ እላለሁ። ግን ምን ብዬ ልናገር? እናቴ አፈሯ ሳይደርቅ ሳቅሁ ብዬ? የምሕረትን ሕፃን ልቅሶ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬን ደፍኜ ነው የሰነበትኩት።»

ወንዳወቅ መታገሥ አቃተው። «ለመሆኑ ምኑ ነው እንዲህ የሚያስቅ?» አላት፣ በንዴት።

እናኑ ወደ አቻምየለሽ ተመለከተች። መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀችላት።

«ጓንጉል ስልክ ያስገባል» ብላ ጀመረች። «ግን የሚደውልለት ሰው የለም። ክራቫቱን አሥሮ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲጠብቅ ይውላል። እናቴ ታሳዝናለች… ማለቴ፣ ያሳዝናታል። ሹልክ ብላ ጎረቤት ሄዳ ትደውልለታለች፤ ድምፅዋን ቀጠን አድርጋ፣ ክቡር አቶ ጓንጉልን ፈልጌ ነበር ትላለች። እሱ ደንግጦ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ብሎ ይዘጋባታል።»

አንዲት ለቀስተኛ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ስትመለስ፣ አንዲት ወይዘሮ ፈለገችኝ ይላታል። ምን ፈልጋ? ትለዋለች። እንጃ፣ ሳትወደኝ አልቀረችም፤ ድምፅዋን ብትሰሚው እንዳንቺ አይደለችም፣ የተማረች ናት ይላታል። እናቴ ማማሰያዋን እንዳነሣች ቀረች። ትምታው ወይስ ታመስግነው፣ ጨነቃት።»

መጀመሪያ ሳቅ ያመለጠው ወንዳወቅ ነው። እንደ ሳል አስመስሎ ሊውጠው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ቄስ ገብረ ሕይወት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹም እየተያዩ ፈነዱ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው በእህተ ማርያምና በሽማግሌው ለቅሶ ላይ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ማንም ማንንም ለማየት አልደፈረም፤ ሁሉም እናኑን ሆኖ ነበር።

«አይቼው አላውቅም» አለ ወንዳወቅ። እንባው ይወርዳል። «ሰው ሲል ሰምቼ ነው የተናገርኩት። አንድ ክፍል ብቻ አብረን እንይ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ጊዜ የለኝም አልኩት።»

የሚያጽናናው ሰው አልተገኘም። ፖሊሱ ለምሕረት ነፃ መሆኗን ነገራት። አቻምየለሽም ለእናኑ፣ ቃሏን ጣቢያ እንደምትሰጥ፣ የቸልተኝነቱን ነገር ፍርድ ቤት እንደሚያየው በለሆሳስ አስረዳቻት። እናኑ ግን የሰማቻት አትመስልም። ሄዳ ምሕረት እግር ላይ ወደቀች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ለማስታረቅ ተጠጉ።

በድንኳኑ ውስጥ ያልሳቀች ምሕረት ብቻ ነበረች። እናኑን በሁለት እጇ ደግፋ አነሣቻት።

«የሳቅሽውስ እናትሽን አይተሽ ነው፣ እግዜር ይፍታሽ» አለቻት። «ዝም ያልሽብኝን ግን ገና ይቅር አላልኩም። ስችል እመጣለሁ።»

ከድንኳኑ ወጣች። ፈቀቅ ብለውባት የነበሩት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት።