በሦስተኛው ፎልደር ውስጥ

ሔራን ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎች መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። አገሯ አረርቲ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተድራ፣ በሃያ ሁለት ዓመቷ ፈትታ፣ ከዚያ ወዲህ የትዳር ወሬ ሲነሣ ዝም የምትል ሴት ናት።

ሰይፈሥላሴ የኮሌጁ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የአንኮበሩ ቄስ ወልደአረጋይ የበኩር ልጅ፣ ዲያቆን። የተዋወቁት ኮምፒውተሯ አልከፈት ብሏት ያስጠራችው ቀን ነው። ኮምፒውተሩ በአሥር ደቂቃ ተሠራ፤ እሱ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም።

ከዚያ በኢሜይል መጻጻፍ ጀመሩ። በመካከላቸው ሁለት ክፍል ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊት የማይደፍሩትን በጽሑፍ ይባባሉታል። የቢሮ ሰው እንዳያይባት ብሎ አንድ ቀን የእሱ መልእክት በቀጥታ የሚገባበት ፎልደር ሠራላት። «ምዝገባ» ከሚለው ውስጥ «የቆዩ» የሚል፣ ከእሱም ውስጥ «ልዩ ልዩ» የሚል።

«እዚህ ድረስ ማን ይገባል?» አላት።

«አንተና እኔ» አለችው። ሁለቱም ሳቁ። እጇን መጀመሪያ የያዘው ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር ላይ አባቱ በጠና ታመሙ። ሊሄድ ሲል ከኮሌጁ በር አጠገብ ቆሙ፤ ብርዱ ፊት ይልጣል።

«ደብሩን እንድረከባቸው ይፈልጋሉ» አላት። «ሌላ ካህን የለም።»

«ፈት ያገባ ዲያቆን ደግሞ ቄስ አይሆንም።» እሱ ሊናገረው ያልደፈረውን እሷ ተናገረችው።

መሬት መሬቱን አየ። «ስለ አንቺ እነግራቸዋለሁ። እኛ መንደር ስልክ አይሠራም፤ ከተማው፣ ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ግን ኢንተርኔት አለ። የወሰንኩትን እጽፍልሻለሁ።»

«ካልጻፍክ ገብቶኛል ማለት ነው» አለችው። «አልለምንህም።»

በታኅሣሥ የሔራን ኮምፒውተር ተቃጥሎ አዲስ ተሰጣት። አዲሱ የኢሜይል ፕሮግራም ላይኞቹን ፎልደሮች ብቻ ነበር የሚያሳየው። «ምዝገባ»ን ከፈተችው፤ ከሥሩ ምንም የለም። የድሮ ደብዳቤዎቻቸው ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር የጠፉ መሰላት። አለቀሰችላቸው፤ ከእንግዲህ የሚጽፈው በዋናው ሳጥን ይመጣል ብላ ጠበቀች።

ጥር አለፈ። ጠዋት ጠዋት ካፖርቷን ሳታወልቅ ሳጥኑን ትከፍታለች። የስብሰባ ጥሪ። ማስታወቂያ። የካቲትም አለፈ። ኩራቷ ልቧን ያዘውና እሷም አልጻፈችም።

ከፋሲካ በኋላ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ዘርአ ዳዊት ሻይ እያማሰሉ፣ «ያ ሰይፈሥላሴ አገባ አሉ፤ ሊቀስስም ነው» አሏት።

«እሰየው» አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ በር ዘጋችና ቧንቧውን ለቀቀችው።

ሐምሌ ላይ የተማሪዎች ስም ዝርዝር ጠፋ ተብሎ በሰይፈሥላሴ ቦታ የተቀጠረችው ፍቅርተማርያም መጣች።

«አልጠፋም እኮ፣ ሰርቨሩ ላይ፣ ዋናው ኮምፒውተር ላይ አለ፤ መልእክቱን ወደየፎልደሩ የሚከፋፍለውም እሱ ነው» አለቻት። «ይሄ ፕሮግራም የተመረጡትን ፎልደሮች ብቻ ነው የሚያወርደው። የውስጦቹን የመረጠልሽ የለም።» ሁሉንም መረጠቻቸው። ፎልደሮቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ተዘረገፉ። ከ«ልዩ ልዩ» አጠገብ «4» የሚል ቁጥር ደምቆ ታየ። ያልተነበቡ።

ሔራን ልጅቷ እስክትወጣ ጠበቀች።

የመጀመሪያው ስለ አባቱ ሕመም ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ነገርኳቸው። ቀኑን ሙሉ አላናገሩኝም። ማታ ግን፣ ‹ክህነት በግድ አይሆንም፤ የምትወዳትን አምጣት› አሉኝ።» ሦስተኛው፦ «ሔራንዬ፣ ቅዳሜ ነይ። ጎረቤላ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ ሐሳብሽን ለውጠሻል ማለት ነውና አላስጨንቅሽም።» አራተኛው አጭር ነበር። «ሦስት ቅዳሜ ጠበቅሁሽ። አልፈርድብሽም። አሁን የአባቴን ፈቃድ እፈጽማለሁ።»

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ አንኮበር ወጣች። ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ደረሰች፤ በነጭ ጥምጥም አየችው። ከስቷል። ከአጸዱ በር ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጃንጥላ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ ሆዷ ገፍቷል።

«እንደምን ሰነበቱ፣ አባቴ?» አለችው።

ድምፅዋን ሲሰማ ደነገጠ። «አንቺ አንቱ አትበይኝ» አላት ዝቅ ብሎ። አባቱ በሰኔ እንዳረፉ ነገራት። እግዜር ያጥናህ አለችው። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ።

«ለምን አልመጣሽም?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ያን ፎልደር በገዛ እጁ የሠራው እሱ ነው። ደብዳቤዎቹ የት ተደብቀው እንደነበር ብትነግረው ይህን ሰው ምን እንደምታደርገው፣ በር ላይ የቆመችውንም ምን እንደምታደርጋት አየች።

«ፈራሁ» አለችው። «ደብዳቤህ ደርሶኝ ነበር። አባትህን፣ ደብሩን፣ ሁሉንም ፈራሁ።»

አፍጥጦ አያት። «ሞታ ይሆን እያልኩ ነበር» አለ። «ፍርሃት ከሆነስ ደግ።» መስቀሉን አወጣ። ሔራን ነጠላዋን አጣፍታ አጎነበሰች፤ መስቀሉ ግንባሯንም ከንፈሯንም ነካ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላት።

«አሜን» አለች። ሚስቱ ጃንጥላውን ዘርግታ ስትቀርብ መንገድ ለቀቀችላት።