የወይዘሮ አግላያ ቢቤሎዎች

ወይዘሮ አግላያ ሳሎኑ መሃል ተደፍተው ተገኙ፤ ትልቁ የመስታወት ዓሣ አጠገባቸው ተሰባብሯል። መደርደሪያው ላይ የተረፉት ቢቤሎ የሚባሉት ትናንሽ ጌጦች፣ የሸክላ ድመቶቹና ባለ ጃንጥላዎቹ ወይዛዝርት፣ እንደ ወትሮው ፈገግ እንዳሉ ናቸው፤ የሸክላ እረኞቹ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ምራታቸው ሳንዳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ስትወለውላቸው ኖራለች። ብራኢላ ከተማ ውስጥ ከዚህ ጠባብ አፓርታማ በቀር መጠጊያ አልነበራትም።

«መጋረጃ ስትሰቅል ከወንበር ወድቃ ነው» አለ የሳንዳ ባል ራዱ፣ የሟቿ ልጅ። «ከሥራ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

መርማሪው ሻምበል ፓስኩ ወደ ወንበሩ ጠጋ አለ። ወንበሩን ቀስ ብሎ አነሳና ከሥሩ ያለውን ወለል በጣቱ ዳሰሰ። ቀጥሎም ጥግ ካለው አልጋ ሥር የተቆለፈ ሻንጣ ጎትቶ አወጣ።

«የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ሳንዳ። «ግን ባዶ ነበር፤ ቁልፉም ከጠፋብኝ ቆየ።»

«ባዶ?» ራዱ ሳቀ። «እረኞቹን በካልሲ ጠቅልላ ልትጠፋ ነበር እኮ! ሌባ!»

ሳንዳ ግድግዳውን ተደገፈች። አለቀልኝ አለች በልቧ።

ሻምበሉ ጎረቤታቸውን አቶ ሆሪያን አስጠርቶ ሦስቱንም አስቀመጠ።

«ዓሣውን ሽጡልኝ ብዬ ለምኛቸው ነበር» አሉ ሆሪያ እየተርበተበቱ። «ታዲያ ለዓሣ ብዬ ሰው እገድላለሁ?»

«ዓሣውን የፈለገ ሰው አይሰብረውም» አለ ሻምበሉ። « ወንበሩ ደግሞ የቆመው ስብርባሪው ላይ ነው፤ ዓሣው ከተሰበረ በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ ከሱ ላይ የወደቀ ሰው የለም፤ ወይዘሮዋ በዓሣው ተመተዋል።»

ሻምበሉ ከሟቿ ሽርጥ ኪስ ያገኘውን ትንሽ ቁልፍ አውጥቶ ሻንጣውን ከፈተ። የሳንዳ ልብሶች በወግ ታጥፈዋል፤ በላያቸው የሸክላ እረኞቹ፣ በአሮጊቷ ግራጫ የሱፍ ካልሲዎች ተጠቅልለው።

«ቁልፉ በኪሳቸው ነበር፣ ካልሲውም የሳቸው ነው፤ የጠቀለሉት ወይዘሮ አግላያ ናቸው» አለ። «ራዱ፣ ሻንጣው ሳይከፈት ካልሲውን እንዴት አወቅከው? ሲጠቀልሉ ካላየህ በቀር?»

የራዱ ፊት አመድ መሰለ።

«እናቴ ዘጠኝ ዓመት ስታሰቃያት ኖራ፣ ዛሬ "እረኞቹን ሽጠሽ ተሳፈሪበት" ልትላት? የኔን ሚስት? እኔን ትታ እንድትሄድ?» ብሎ ጮኸ።

ራዱ በካቴና ታስሮ ወረደ። ሳንዳ ተንበርክካ፣ አንድ ቀን እንኳ ደግ ቃል ያልተናገሯትን ሴት በአንሶላ ሸፈነች። «ማማ» አለች፤ እንዲህ ብላ ጠርታቸው አታውቅም።

ከዚያ ሻንጣውን አንስታ በሩ ዘንድ ቆመች። ፈቃድ እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ኋላዋ ዞር አለች።

«ክፍት እኮ ነው፣ ልጄ» አሏት አቶ ሆሪያ።